ጠገራ ብርና የመርማሪው ዓይን

አያቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው በመቀነታቸው አይቋጥሩም ነበር። የማሪያ ቴሬዛን የራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ያለውን የዕንቁ ፈርጥ አገላብጠው ያያሉ፤ ነጥቦቹ ከተፋቁ ብሩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ያው ጠገራ፣ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ፣ ዛሬም ቪየና ውስጥ ለሰብሳቢዎች ይቀረጻል፤ ያውም «ፕሩፍ» ሆኖ።

ብዙ ሰው ፕሩፍ ማለት እንከን የሌለው ሳንቲም ይመስለዋል። አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ገበያ ወጥቶ ያረጀ ፕሩፍ እንኳ ፕሩፍነቱን አያጣም። የተወለወለ ጥፍጥፍ ብረት በተወለወለ ማተሚያ ሁለቴ ወይም ከዚያ በላይ ይመታል። ሜዳው መስተዋት ይሆናል፤ ምስሉ አመዳይ እንደወረደበት ነጥቶ ይቀራል። ይህ ልዩነት ነው «ካሜኦ» የሚባለው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ አመዳዩ ከማተሚያው ላይ ቶሎ ስለሚለቅ፣ ከጥቂት ደርዘን ምት በኋላ የሚወጣው ሳንቲም ምስሉም ሜዳውም እኩል ያብለጨልጭ ነበር። እንግዲህ ከአንድ ማተሚያ የወጡ ወንድማማቾች በተራቸው ብቻ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ሆነ ማለት ነው።

ደረጃውን በቁጥር የጀመረው ዊልያም ሼልደን ነው፤ በ1949 ለጥንታዊ የአሜሪካ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ሙያው ሥነ ልቡና ሲሆን የሰውንም ገላ በቁጥር ይመድብ ነበር። የሚያስገርመው፣ በ1977 ከሞተ በኋላ፣ ከአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ደህና ደህናውን ወስዶ በቦታው የራሱን ዝቅተኛ ይተካ እንደነበር ተደረሰበት። ዓይኑስ ጥሩ ነበር!

ሻጭ የገዛ ዕቃውን ደረጃ ሲመድብ ምን እንደሚሆን ለመርካቶ ሰው አይነገረውም። ለዚህ ነው በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ሥራ ጀምረው ሳንቲሙን መርምረው በፕላስቲክ ማሸግ የያዙት። መርማሪው ሳንቲሙን ከመብራት ሥር ያዘነብላል፤ ጭረት፣ ጭጋግ፣ የጣት አሻራ ይፈልጋል። 70 የሚሰጠው አምስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ምንም እንከን ካልታየ ነው። ካሜኦ ለመባል ደግሞ ሁለቱም ገጽ አመዳይ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ብቻ ካለው አይቆጠርም። ንፅፅሩ በጣም የጎላውን ፒሲጂኤስ «ዲፕ ካሜኦ»፣ ኤንጂሲ «አልትራ ካሜኦ» ይለዋል። ያን ሁሉ አልፎ የመጣ ሳንቲም ባለቤቱ ላሳምረው ብሎ በለስላሳ ጨርቅ አንዴ ቢያብሰው፣ መስተዋቱ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭረቶች ይቀራሉ፤ እነሱንም መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ያያቸዋል።