የእምባቦ ሁለት ጸሐፊዎችና ያልተጠየቀው ሦስተኛ ምስክር

ከአምቦ ተነስቶ ጌዶን፣ እጃጂንና ባኮን አልፎ ነቀምት በሚገባው መንገድ በየቀኑ ብዙ ሕዝብ ይመላለሳል። ከመንገዱ በስተሰሜን፣ በጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ አለ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተዋጉ። ጠባቸው የጊቤን ማዶ ሀብታም አገር፣ ከነወርቁ፣ ከነዝሆን ጥርሱና ከነቡናው፣ ማን ያስገብር የሚል ነበር። ድሉ የሸዋ ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

የሁለቱንም ቤተ መንግሥት ታሪክ የጻፉ ሰዎች አሉ። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ናቸው። በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑትም እሳቸው ናቸው። የጎጃምን ታሪክና የትውልድ ሐረግ የጻፉት ደግሞ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። አለቃ በተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አድገው ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም የሆኑ ሊቅ ናቸው።

አሁን የአባታቸውን ስም ልብ በሉ። ዋቅጅራ ኦሮምኛ ነው፤ «ዋቃ አለ» ማለት ነው። የጎጃምን ትውልድ ቆጥረው ለልጅ ልጅ ያቆዩት ሰው በትውልዳቸው ኦሮሞ ነበሩ። በሌላው ወገን፣ ለምኒልክ በእምባቦ ድል ያመጡት የፈረሰኞቹ አለቃ ራስ ጎበና ዳጬም ኦሮሞ ናቸው። ያንን ጦርነት ዛሬ «የእኛና የእነሱ» አድርጎ የሚተርክ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች የት ያስቀምጣቸዋል?

በየክርክሩ አንዱ ከዜና መዋዕል አንድ ገጽ ፎቶ አንስቶ «ታሪክ ይኸው!» ይላል። ሌላው «የደብተራ ተረት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጸሐፊው በንጉሡ እንጀራ ያደረ ነው፤ ስለ ጌታው ሲያወራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ስም፣ ቦታና ዘመን ያቆየልንም እሱ ነው። ምስክር ይጠየቃል፣ ከሌላው ጋር ይመሳከራል እንጂ አይመለክም፣ አይባረርምም።

ሦስተኛውስ ምስክር? ሁለት ነገሥታት ማሳው ላይ የተዋጉበት የጉዱሩ ገበሬ ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረውም። የእሱ ታሪክ ያለው በጌረርሳና በሽማግሌዎች አንደበት ነው። መጻሕፍቱ ታትመዋል፤ አይጠፉም። ሽማግሌው ግን ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ከእምባቦ ታሪክ አንድ ሦስተኛው አብሮት ይቀበራል።