የዜግነት ትምህርት ቤቶችና የበጎ ፈቃደኛ መሪዎች ሥልጠና (ከ1957 እስከ 1970)

መግቢያ

ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው ለአንድ የጋራ ጉዳይ የሚሠሩበት ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ የገንዘብ ወይም የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ሳይሆን የመሪ ጥያቄ ነው። ደመወዝ የማይከፈለውን ሠራተኛ ማን ይመራዋል? መሪውስ ከየት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ በልማድ የሚሰጠው መልስ የተማረውን፣ አንደበተ ርቱዑን፣ ወይም በሹመት የታወቀውን ሰው ወደ ፊት ማውጣት ነው። ከዚህ ልማድ የተለየ መልስ የሰጠ አንድ የትምህርት ሥራ ግን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ከ1957 እስከ 1970 ተካሂዷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኸውም «የዜግነት ትምህርት ቤቶች» በመባል የሚታወቀው ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርት ቤቶቹ በምን ምክንያት እንደ ተቋቋሙ፣ አስተማሪዎቻቸው እንዴት እንደ ተመለመሉና እንደ ሠለጠኑ፣ ከሥራውም ምን ቁም ነገር እንደሚገኝ መመርመር ነው።

1. የችግሩ ታሪካዊ መነሻ

በ1870 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥራ አምስተኛ ማሻሻያ የመምረጥ መብት በዘር ወይም በቀለም ምክንያት እንዳይነፈግ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ድንጋጌውን በግልጽ ሳይቃወሙ የሚያፈርሱ ዘዴዎችን አበጁ። ከነዚህም አንዱ የማንበብ ፈተና ነው። በደቡብ ካሮላይና በመራጭነት ለመመዝገብ የሚቀርብ ሰው ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት የተመረጠለትን ክፍል ማንበብ ነበረበት። አንባቢው አልፏል ወይም ወድቋል ብሎ የሚፈርደው መዝጋቢው ሹም ስለ ነበረ ፈተናው ለነጩ ቀላል፣ ለጥቁሩ ግን የማይዘለቅ አጥር ሆነ። ለጥቁር ሕፃናት የሚመደበው ትምህርት ቤትና መምህር እጅግ አነስተኛ ነበርና መንግሥት በአንድ እጁ የነፈገውን ትምህርት በሌላ እጁ የመብት መለኪያ አደረገው ማለት ነው።

ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ ይህን ሁኔታ ከውስጥ ያውቁት ነበር። በ1898 በቻርልስተን ከተማ የተወለዱት እኚህ መምህርት በ1916፣ በ18 ዓመታቸው፣ ከከተማዪቱ አጠገብ ባለችው በጆንስ ደሴት ማስተማር ጀመሩ። እርሳቸውና አንዲት ባልደረባቸው ለሁለት 132 ተማሪዎች ያስተምሩ እንደ ነበር፣ በአቅራቢያው በነበረው የነጮች ትምህርት ቤት ግን አንዲት መምህርት ለሦስት ልጆች ተመድባ እንደ ነበር ራሳቸው ገልጸዋል። ማታ ማታ ለጎልማሶች ፊደል ያስቆጥሩ የነበረውም በዚህችው ደሴት ነው። ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ በ1956፣ ክፍለ ግዛቱ የመንግሥትና የከተማ ሠራተኞች ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ የሚከለክል ሕግ ባወጣ ጊዜ ወይዘሮ ክላርክ አባልነታቸውን አልደብቅም በማለታቸው ሥራቸውንና የጡረታ መብታቸውን አጡ።

ከሥራ የተባረሩትን መምህርት የተቀበላቸው በቴነሲ ተራሮች የሚገኘው የሃይላንደር ሕዝባዊ ትምህርት ቤት ነበር። ሚስተር ማይልስ ሆርተንና ሚስተር ዶን ዌስት በ1932 ያቋቋሙት ይህ ተቋም የዘር መለያየት ሕግ ሆኖ በነበረበት አገር ነጭና ጥቁር በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው የሚበሉበት፣ አብረው የሚያድሩበትና አብረው የሚመክሩበት ስፍራ ነበር። ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ ላይ መቀመጫቸውን አልለቅም ያሉት ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጋ በሃይላንደር ወይዘሮ ክላርክ በመሩት ዐውደ ጥናት ተካፍለው ነበር።

2. የመጀመሪያው ክፍል

የዜግነት ትምህርት ቤት ሐሳብ የመነጨው ከጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከአንድ አውቶቡስ ነው። የጆንስ ደሴት ተወላጅ የሆኑት ሚስተር ኢሳው ጄንኪንስ ጧት ጧት በአውቶቡሳቸው የደሴቲቱን ሠራተኞች ወደ ቻርልስተን ሲያመላልሱ ስለ ምርጫ ሕግ ለመንገደኞቻቸው ያስረዱ ነበር። አንዲት መንገደኛ ሕገ መንግሥቱን የሚያነብላትና የሚያስጠናት ቢኖር ለመመዝገብ ዝግጁ መሆኗን ነገረቻቸው። ሚስተር ጄንኪንስ ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ሃይላንደር ሄዱ።

በደሴቲቱ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ቀደም ሲል ተመድቦ ነበር። ተማሪ ግን አልመጣም። ምክንያቱ ሲመረመር ጎልማሶቹ በሕፃናት ወንበር ላይ ተጣበው መቀመጥና በሕፃናት መጽሐፍ መማር አሳፍሯቸው እንደ ቀረ ታወቀ። ከዚህም በላይ በሥራ ላይ ያሉት ጥቁር መምህራን ኑሯቸው በነጮች የትምህርት ቦርድ እጅ ስለ ነበረ በነጻነት ሊያስተምሩ አይችሉም ነበር። በመሆኑም ሚስተር ሆርተን፣ ወይዘሮ ክላርክና ሚስተር ጄንኪንስ የመምህርነት ምስክር ወረቀት የሌለውን ሰው ለመምረጥ ወሰኑ።

የተመረጡት የወይዘሮ ክላርክ ዘመድ የሆኑት ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ናቸው። ሙያቸው ጸጉር ሥራና ልብስ ስፌት ነበር። አስተማሪ ሆነው ስለማያውቁ በመጀመሪያ አመነቱ። ይሁን እንጂ ለሥራው ሁለት ብቃት ነበራቸው። አንደኛው ሰውን ማክበራቸውና ማዳመጥ መቻላቸው ነው። ሁለተኛው ደንበኞቻቸው ሁሉ ጥቁሮች በመሆናቸው ከእንጀራቸው የሚያባርራቸው ነጭ አሠሪ አለመኖሩ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ሊዘነጋ አይገባም። በፍርሃት በተያዘ ኅብረተሰብ ውስጥ የመሪ የመጀመሪያ ብቃት ብዙ ጊዜ ዕውቀት ሳይሆን የኑሮ ነጻነት ነው።

የሚያስተምሩበት ቤት ማግኘትም ሌላ ችግር ነበር። ያሉትን አዳራሾች የሚያስተዳድሩት ሰዎች በፍርሃት ምክንያት እምቢ ስላሉ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ማኅበር ከሃይላንደር ያለ ወለድ በተበደረው 1,500 ዶላር አሮጌ ቤት ገዝቶ አደሰ። የፊተኛው ክፍል የኅብረት ሱቅ ሆነ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከበስተኋላ ባለው ክፍል ነበር። ጥር 7 ቀን 1957 ወይዘሮ ሮቢንሰን 14 ተማሪዎችን ተቀብለው ክፍሉን ከፈቱ።

የመጀመሪያው ምሽት አከፋፈት ለትምህርት ዘዴ ታሪክ ልዩ ግምት የሚሰጠው ነው። ወይዘሮ ሮቢንሰን ለሕፃናት የተዘጋጁ ጽሑፎችን ይዘው ቢመጡም ለጎልማሶቹ እንደማይስማሙ ወዲያውኑ ተረዱ። ስለዚህ እርሳቸው አስተማሪ ሳይሆኑ አብረው የሚማሩ መሆናቸውን ገልጸው፣ ተማሪዎቹ ምን ለመማር እንደሚፈልጉ ጠየቁ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ስማቸውን መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ፣ በፖስታ ዕቃ የሚታዘዝበትን ቅጽና የገንዘብ ማዘዣን መሙላት፣ በመጨረሻም በመራጭነት መመዝገብ። ሥርዓተ ትምህርቱም ከዚህ መልስ ተቀዳ። ስም የተጻፈበት ካርቶን ይቀርብና ተማሪው እጁ ቅርጹን እስኪለምድ ድረስ በእርሳስ ደጋግሞ ይከተለዋል። የተባበሩት መንግሥታት ያወጀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደ ማንበቢያ አገለገለ። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ የእርሻ ሥራ በሚቀንስበት ወራት ይሰጥ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የኤዲስቶና የዋድማሎ ደሴቶች፣ የሰሜን ቻርልስተንም ነዋሪዎች ተመሳሳይ ክፍል እንዲከፈትላቸው ጠየቁ።

3. የአስተማሪዎች ምልመላና የአምስት ቀን ሥልጠና

ክፍሎቹ ሲበዙ አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ሁሉም ቦታ ወይዘሮ ሮቢንሰንን ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ አስተማሪዎችን የሚያፈራ ሥልጠና ማዘጋጀት ግዴታ ሆነ። ይህ በመታሰብ ላይ እንዳለ የቴነሲ ባለሥልጣኖች በሃይላንደር ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ሐምሌ 31 ቀን 1959 ፖሊሶች ወይዘሮ ክላርክ ይመሩት የነበረውን ስብሰባ ወርረው እርሳቸውን አሰሩ። ክርክሩ በፍርድ ቤቶች ቆይቶ በ1961 የተቋሙ የሥራ ፈቃድ መሰረዙ ጸና፤ ንብረቱም በሐራጅ ተሸጠ። ሥልጠናው ግን አልተቋረጠም። በዚያው ዓመት ቄስ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ይመሩት ወደ ነበረው የደቡብ ክርስቲያናዊ አመራር ጉባኤ ተዛወረ። ወይዘሮ ክላርክ፣ ቄስ አንድሩ ያንግና ወይዘሮ ዶረቲ ኮተን በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በዶርቸስተር የሚገኘውን የቀድሞ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የማሠልጠኛ ማዕከል አደረጉት።

ምልመላው የሚካሄደው በየአካባቢው እየተዘዋወሩ ሕዝብ የሚያምናቸውን ሰዎች በማፈላለግ ነበር። የሚጠየቀው መመዘኛ ጥቂት ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ አጥርቶ ማንበብና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ መጻፍ። በዚህ መሠረት ገበሬዎች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ጸጉር ሠሪዎችና ጡረተኞች ለሥልጠና መጡ። ብዙዎቹ ራሳቸው ከጥቂት ክፍል በላይ አልተማሩም።

ሠልጣኞቹ በአውቶቡስ መጥተው አምስት ቀን በማዕከሉ ይቆያሉ። ሥልጠናው በንግግር ሳይሆን በጥያቄ ይጀመራል። «ዜጋ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሶቹም በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ከዚያም የየክፍለ ግዛቱ የመመዝገቢያ ቅጽ ይነበባል፤ በውስጡ ያለው አስቸጋሪ ቃል ሁሉ ይፈታል። ሒሳብ የሚጠናው በዘርና በማዳበሪያ ዋጋ ነው። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ የባንክ ቼክ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ጥቅም እንዴት እንደሚጠየቅ ይጠናል። ምሽት ላይ መዝሙር አለ። በሥልጠናው ፍጻሜ ሠልጣኙ ወደ መንደሩ ተመልሶ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በጸጉር ቤት ወይም በራሱ ቤት በረንዳ ክፍል ይከፍታል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው በአምስት ቀን ሊተላለፍ የሚችለው ዕውቀት ጥቂት መሆኑ ነው። ሥልጠናው ዕውቀትን ለመሙላት ሳይሆን ሰው አስቀድሞ ያለውን ችሎታ እንዲያውቀው ለማድረግ የታቀደ ነበር። በመንደሩ ለቅሶ ሲሆን ሰው የሚያስተባብር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ዕቁብ መሰል የቁጠባ ማኅበር የሚይዝ ሰው መሪነትን ያውቃል። የጎደለው የሕጉ ቋንቋና በራስ መተማመን ብቻ ነው።

4. ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ የመሆን ደንብ

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ገንዘብ የሚለግሱት ድርጅቶች በአሜሪካ የግብር ሕግ ከቀረጥ ነጻ በመሆናቸው ርዳታቸው ለማናቸውም ፓርቲ ወይም እጩ ድጋፍ እንዲውል አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1962 በደቡብ ክልላዊ ምክር ቤት ሥር የተቋቋመው የመራጮች ትምህርት ፕሮጀክትም በዚሁ ደንብ የሚመራ ሲሆን እስከ 1964 በነበረው ጊዜ በደቡብ ወደ 700,000 የሚጠጉ አዳዲስ መራጮች እንዲመዘገቡ ረድቷል። ደንቡ በገንዘብ ምክንያት ቢመጣም ለትምህርቱ ጠቀመ። የመንደር አስተማሪ እንዴት እንደሚመረጥ እንጂ ማን እንደሚመረጥ አያስተምርም። ተማሪውም ከአንዱ ጌታ ተላቆ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ተከታይ ሳይሆን ራሱ መዝኖ የሚወስን ሰው ይሆናል።

5. የተከፈለው ዋጋና የውስጥ ክርክር

ይሁን እንጂ ገለልተኝነት ከጥቃት አላዳነም። አስተማሪዎችና ተማሪዎች ከሥራና ከመሬት ተባረሩ። ለመመዝገብ በመሞከራቸው በ1962 ከእርሻ ጣቢያ የተባረሩት ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሃመር በሰኔ 1963 በቻርልስተን ከተሰጠው የዜግነት ሥልጠና ሲመለሱ በሚሲሲፒ በዊኖና ከተማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ታስረው ክፉኛ ተደበደቡ። የድብደባው ጉዳት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ድምፃቸው ግን አልጠፋም፤ በ1964 የደረሰባቸውን በአደባባይ ሲመሰክሩ አገር ሰማቸው።

ሌላው ፈተና ከውስጥ ነበር። ጉባኤውን የሚመሩት በአብዛኛው ወንድ የሃይማኖት መሪዎች ነበሩ። ወይዘሮ ክላርክ በሥራ አስፈጻሚው መካከል መቀመጣቸው እንኳ በአንዳንዶች ዘንድ ጥያቄ ይነሣበት ነበር። ለዶክተር ኪንግ በጻፉት ደብዳቤ ሰልፉን ሁሉ እርሳቸው መምራታቸው ቀርቶ በየቦታው ሌሎች እንዲመሩ ይደረግ፣ አዳዲስ መሪዎችም በዚህ ይፈጠሩ ሲሉ አሳሰቡ። ደብዳቤው በስብሰባ ላይ ሲነበብ ባልደረቦቻቸው እንደ ሳቁ ወይዘሮ ክላርክ በኋላ አስታውሰዋል። ዶክተር ኪንግ ግን ለመምህርቷ አክብሮት ነበራቸው፤ በታኅሣሥ 1964 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለመቀበል ወደ ኦስሎ ሲሄዱ ወይዘሮ ክላርክ አብረዋቸው ተጉዘዋል።

የክርክሩን ፍሬ ነገር ጊዜ ፈረደው። ዶክተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ከተገደሉ በኋላ በአንድ ሰው ዙሪያ የቆመው ድርጅት ኃይሉ ደከመ። በየመንደሩ የሠለጠኑት ግን በቦታቸው ነበሩ።

ማጠቃለያ

ነሐሴ 6 ቀን 1965 የተፈረመው የመምረጥ መብት ሕግ የማንበብ ፈተናን በአብዛኛው ደቡብ አስወገደ። የትምህርት ቤቶቹ የቅርብ ዓላማ ከግቡ ደረሰ ማለት ነው። ወይዘሮ ክላርክ በ1970 ጡረታ ወጡ፤ እስከዚያ ድረስ የተከፈቱትን ክፍሎች ወደ 900 ያደርሷቸዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ባባረራቸው በቻርልስተን የትምህርት ቦርድ ውስጥ ተመርጠው ገቡ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1987 አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ለጎልማሶች ትምህርትና ለበጎ ፈቃድ ማኅበራት የሚገኘው ትምህርት በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ መሪ ሲመለመል የሕዝብ አመኔታ ከምስክር ወረቀት መቅደም ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ሥልጠና ከሠልጣኙ ኑሮና ጥያቄ ሲነሣ አጭር ጊዜ ሊበቃው ይችላል። ሦስተኛ፣ የሥልጠና ፍሬ የሚታወቀው ሠልጣኙ ሥራውን በኃላፊነት ሲረከብ ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድ ታላቅ መሪ ብቻውን የተሸከመው ሥራ እርሱ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ ብዙ እጅ የያዘው ግን ይቆያል። የጆንስ ደሴት ጸጉር ሠሪ በጥር 1957 የከፈቱት ክፍል ይህን በተግባር አሳይቷል።