መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሰርቨር በምን ይዘጋጅ? 4 ነፃ አማራጮች

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ሰርቨር ሆኖ ተቀምጧል። ተማሪዎች ስልካቸውን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝተው በኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያነባሉ፤ ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም ቢልስ? ባለሙያ የሚገኘው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ነው። ትምህርት ቤቱ አምባሰል፣ ውጫሌ ቢሆን ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። በኢንተርኔት ከሩቅ እናስተካክለው እንዳንል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ሰርቨሩ ገና ሲዘጋጅ ራሱን እንዲችል ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።

🔹 መጀመሪያ ቃላቱ

ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደ ስንቅ ቋጥሮ የያዘ ጥቅል ነው። ለኮንቴይነር ተብለው የተሠሩ ሊኑክሶች ዋናው የሲስተም ክፍላቸው ተቆልፏል፤ እንደ ልብ አይነካካም። አፕዴት ሲመጣ በአሮጌው ላይ አይጻፍም፣ ከጎኑ ይቀመጣል። ስለዚህ አፕዴቱ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ይነሳል።

ታዲያ ሲስተሙ ከተቆለፈ የዋይፋይ ስም፣ የይለፍ ቃልና የራሳችንን ኮንቴይነር የት እናስገባ? መሣሪያዎቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

1️⃣ ቡቴን እና ኢግኒሽን

በፌዶራ ኮርኦኤስ እና በፍላትካር ይሠራሉ። የምትፈልጉትን በቡቴን ፋይል ትጽፋላችሁ፣ ወደ ኢግኒሽን ይቀየራል፣ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ያነበዋል። የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ስህተት ካለበት ማሽኑ ተነስቶ አይጨርስም። ግማሽ የተስተካከለ ሰርቨር ከማግኘት ይህ ይሻላል። ችግሩ ኪዊክስን ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ካዘዛችሁት ያን ቀን ኔትወርክ የግድ ነው። ፍላትካር አዲሱ አፕዴት አልነሳ ካለ በራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ፌዶራ ኮርኦኤስ ላይ ግን ሲነሳ ከሚታየው ሜኑ ሰው አሮጌውን መምረጥ አለበት።

2️⃣ ኮምበስቸን

የኦፕንሱዜ ማይክሮኦኤስ ነው። ተራ የሼል ስክሪፕት ጽፋችሁ፣ ፍላሹን «ኮምበስቸን» ብላችሁ ሰይማችሁ (በላቲን ፊደል) ትሰካላችሁ። ሼል ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ተጨማሪ ፕሮግራም ጫን ካላችሁት ግን እሱም ኔትወርክ ይጠይቃል።

3️⃣ ታሎስ

ኤስኤስኤች የለውም፣ ሼልም የለውም። ሁሉም ነገር የሚታዘዘው ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ነው፤ የተሠራውም ለኩበርኔቲስ ብቻ ነው። ብዙ ሰርቨር ላለው ድርጅት ጎበዝ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ግን በሬ ለማረድ ቀርቦ ዶሮ እንደ ማረድ ነው።

4️⃣ ቡትሲ

እዚህ ማስተካከያው የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ኮንቴይነር በሚሠራበት መንገድ ሙሉውን ሲስተም፣ ኪዊክስንም ጨምሮ፣ አንድ ላይ ትጠቀልሉታላችሁ። ከዚያ ወደ መጫኛ ፋይል ቀይራችሁ በፍላሽ ትጭናላችሁ። አፕዴቱም በፍላሽ ሊመጣ ይችላል። ጉዳቱ ሲጠቀለል ዳታ ይበላል፣ ጥሩ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። አፕዴቱ ቢበላሽ ወደ አሮጌው የሚመልስ ትእዛዝ አለው፤ በራሱ እንዲመለስ ከተፈለገ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም መግባት አለበት።

✅ የቱ ይሻላል?

ኔትወርክ አስተማማኝ ከሆነና የሚነካካው ሰው ከሌለ፦ ፍላትካር ከኢግኒሽን ጋር።

ኔትወርክ ለወራት ሊጠፋ የሚችል ከሆነ፦ ቡትሲ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ጥሩ መስመር ያለው ሰው አንዴ ጠቅልሎ ያዘጋጃል፤ ፍላሹ በሚኒባስ ሐይቅም ውጫሌም ይደርሳል። እዚያ ያለው መምህር የሚጠበቅበት ፍላሹን ሰክቶ መጫን ብቻ ነው።

⚠️ ሁለት ማስጠንቀቂያ

▪️ ወደ አሮጌው መመለስ የሚያድነው ሲስተሙን እንጂ የእናንተን ፋይል አይደለም። የተማሪ ውጤት ሰርቨሩ ላይ ካለ ባክአፑ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። መብራት ሲቆራረጥ ዲስክ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል ትንሽ ዩፒኤስ ብትኖር አትጠላም።

▪️ ነፃ ሶፍትዌርም ባለቤቱ ሊቀየር ይችላል። የዚህ ሐሳብ ፈር ቀዳጅ የነበረውን ኮርኦኤስን ሬድ ሃት በ2018 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ የድሮው ሲስተም ድጋፍ ግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ቆመ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን ሌሎች አንስተው ፍላትካር ብለው ቀጠሉት። ስለዚህ የጻፋችሁትን የማስተካከያ ፋይል በወረቀትም ቢሆን አትማችሁ አስቀምጡ። ማሽኑ ቢቃጠል እንኳ እሱ ካለ ሰርቨሩ እንደገና ይሠራል።