ረግጦ መውጣትና የአቶ ስዬ ዋስትና

በ1993 ዓ.ም. የደረሰው የሕወሓት መሰንጠቅ ሲነሣ የተማረው ሰው ቀድሞ የሚያወሳው የ«ቦናፓርቲዝም»ን ክርክር ነው። እኔን ግን ከክርክሩ ይልቅ አወጣጡ ይስበኛል።

አቶ ስዬ አብርሃ በድርጅቱ ውስጥ ተራ ሰው አልነበሩም። ከበረሃ ታጋይነት ተነሥተው በሽግግሩ ዘመን መከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ኋላም ኤፈርትን መርተዋል። የኤርትራ ጦርነት አመራርና በታኅሣሥ 1993 የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ማዕከላዊ ኮሚቴውን ለሁለት ሲከፍሉት ከነአቶ ተወልደ ወልደማርያምና አቶ ገብሩ አሥራት ጎን ቆሙ። ድምፁ በጠባብ ልዩነት ወደ አቶ መለስ ዜናዊ አዘነበለ። አሥራ ሁለቱ ተቃዋሚዎችም ስብሰባውን ረግጠው ወጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ረግጦ መውጣት በፓርላማ ተቃውሞ ነው፤ በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት በሚመራ ድርጅት ግን የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። አናሳው የብዙኃኑን ውሳኔ ተቀብሎ ዝም እንዲል የሚያስገድደውን ደንብ ለዓመታት ሲያስከብሩ የኖሩት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከአዳራሹ ሲወጡ ካድሬውንም፣ ጽሕፈት ቤቱንም፣ መገናኛ ብዙኃኑንም ለተቀናቃኞቻቸው ትተው ወጡ። ከድርጅቱ ውጭ አቤት የሚባልበት ደጅ በዘመነ ሥልጣናቸው አላበጁም።

አንድ ደጅ ግን ነበረ። በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት አቶ ስዬ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበሩት በወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ፊት ቀረቡ፤ ዳኛዋም በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያውም በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚነፍግ ሕግ ወጣ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታስረው በ1999 ተፈቱ። (እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቦናፓርቲዝምን የሚያስታውስ ሽማግሌ አላገኘሁም፤ ዋስትና የፈቀደችውን ዳኛ የማያስታውስም አላገኘሁም።)

ወ/ሪት ብርቱካን የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሳሉ በታኅሣሥ 2001 ዳግም ታሰሩ። እሳቸው እስር ቤት እያሉ አቶ ስዬ፣ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ጋር፣ አንድነትን ተቀላቀሉ። ያኔ ፓርቲው ራሱ «መርሕ ይከበር» በሚል ቡድን ተከፍሎ ይናቆር ነበር፤ ከአንዱ መከፋፈል ወጥተው ወደ ሌላው ገቡ ማለት ነው። በ2002 ምርጫ በተምቤን ተወዳድረው ተሸነፉ።

ወ/ሪት ብርቱካን በ2003 ተፈቱ፤ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በጥር 2013 የሕወሓትን የፓርቲነት ምዝገባ የሰረዘው እሳቸው ይመሩት የነበረው ቦርድ ነው።