ብዙ መመርመር ሁልጊዜ ጤናን ያሻሽላል? የደቡብ ኮሪያ የታይሮይድ ካንሰር ትምህርት

ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል የሚለው ምክር በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ለብዙ የካንሰር ዓይነቶችም እውነት ነው። በደቡብ ኮሪያ የታየው የታይሮይድ ካንሰር ታሪክ ግን ምርመራ በበዛ ቁጥር ጤና ይሻሻላል የሚለውን እምነት ጥያቄ ውስጥ ከቶታል።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ሰውነት ኃይልን የሚጠቀምበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ዕጢ ሲያብጥ እንቅርት ይባላል።

ደቡብ ኮሪያ እ.አ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ መርሐ ግብር ጀመረች። የታይሮይድ ምርመራ በዚህ ውስጥ አልተካተተም ነበር። ሆኖም በርካታ የሕክምና ተቋማት የአንገት አልትራሳውንድን ከ30 እስከ 50 ዶላር በሚገመት ተጨማሪ ክፍያ ያቀርቡ ስለነበር፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች በብዛት ተመረመሩ።

በ2011 በበሽታው መያዛቸው የተነገራቸው ሰዎች ምጣኔ ከ1993ቱ ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ደረሰ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። በበሽታው የሚሞቱት ግን በዓመት ከ400 ያነሱ ነበሩ፤ የሞት ምጣኔውም አልቀነሰም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በሌላ ምክንያት በሞቱ ሰዎች አስከሬን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በርካታ አዋቂዎች ሳያውቁት ጥቃቅን የታይሮይድ ካንሰር ይዘው እንደሚኖሩ አሳይተዋል። አብዛኞቹ ዕድሜ ልክ ጉዳት ሳያደርሱ ይቀራሉ። አልትራሳውንድ እነዚህንም ያገኛቸዋል፤ የትኛው እንደሚያድግና የትኛው ባለበት እንደሚቀር ለይቶ ለመናገር ግን አዳጋች ነው። ባለሙያዎች ይህን ከመጠን ያለፈ ምርመራ ይሉታል።

አሳሳች የሆነው ሌላው ነገር የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። ቀድሞውንም የማይገድል ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከታካሚዎች ተርታ ሲቆጠሩ፣ ከሕመሙ የሚተርፉት ድርሻ ከፍ ይላል። ሕክምናው የተሳካ ይመስላል፤ ከሞት የዳነ ተጨማሪ ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

የሕክምናው ዋጋ

ካንሰር ተገኘባቸው ከተባሉት አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሆርሞን መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል። በአገሪቱ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል 11 በመቶ ያህሉ የካልሲየም መጠንን የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች ሥራ ታውኮባቸዋል፤ 2 በመቶ ያህሉ ደግሞ የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆኗል።

በ2014 የአገሪቱ ሐኪሞች ቡድን ጤነኛ ሰዎችን በአልትራሳውንድ መመርመር እንዲቆም በይፋ ጠየቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ቁጥር 35 በመቶ ያህል ቀነሰ። በአሜሪካም የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2017 ምልክት ለማይታይባቸው አዋቂዎች ይህ ምርመራ እንዳይደረግ መክሯል።

ይህ ማለት ምርመራ ይቅር ማለት አይደለም

የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስለትን ቀድሞ በማግኘትና በማከም ሕይወት ያድናል። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ፣ ችግሩ የምርመራ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው።

አንገት ላይ እብጠት ያየ፣ ድምፁ ለረጅም ጊዜ የጎረነነ ወይም መዋጥ ያስቸገረው ሰውም ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምርመራ የቀረበለት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ምርመራው በበሽታው የመሞትን ዕድል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል? ውጤቱ አጠራጣሪ ቢሆን ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ሳይታከሙ በክትትል መቆየትስ ይቻላል?