ከበቅሎ ወደ አውቶሞቢል

በእግር መሄድን የናቅነው አውቶሞቢል ከገባ ወዲህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ንቀቱ ከዚያ የቆየ ይመስለናል። በቀድሞው ዘመን መኰንን በበቅሎ ሲሄድ አሽከሮቹ ከፊትና ከኋላ ሆነው በእግራቸው ያጅቡት ነበር፤ የሰው ማዕረግም በአጃቢው ብዛት ይለካ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አቀረበ። ውሎ አድሮም አውቶሞቢሉ የበቅሎዋን ስፍራ ወረሰ፤ ክብሯም አብሮ ተላለፈለት። በቅሎ እንኳ የተቀመጠባትን ሰው ጥቂት ታንቀሳቅሰዋለች፤ የአውቶሞቢል ወንበር ግን ገላን ፈጽሞ ያሳርፋል።

የዚህ ዕረፍት ዋጋ በሚገባ የተመረመረው በለንደን ከተማ ነው። ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነጂዎችንና ቲኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ነጂው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንድ አውቶቡስ ከሚሠሩት ከነዚህ ሁለቱ በልብ ሕመም ይበልጥ የሚጠቃው ነጂው ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ አዳዮችም ከጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ጋር ሲነጻጸሩ በሕመሙ የባሱት ጸሐፊዎቹ ነበሩ፤ ይህም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለተሽከርካሪ እየተዘጉ ለእግረኛ ይለቀቁ ጀመር፤ ስሙም «መንገድ ለሰው» ተባለ። እኛም በደስታ ወጥተን ተራምደናል። በማግሥቱ ሰኞ ግን፥ ቢሮአችን የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ እንደ ልማዳችን ቆመን መኪና ስንጠብቅ ተገኘን።