ለደስታ ማብረር፤ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች

በልጅነቱ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል «ፓይለት» ያላለ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ሐኪም፣ ሌላው የሒሳብ ባለሙያ፣ ሦስተኛው መሐንዲስ ይሆናል፤ አብራሪነትም የልጅነት ነገር ሆኖ ይቀራል። ይሁንና ወደ አብራሪነት የሚያስገባው በር የአየር መንገድ ቅጥር ብቻ አይደለም። ሥራውን ሳይለቅ፣ ለራሱ ደስታ ብቻ ማብረር የሚሻ ሰው የሚያወጣው ፈቃድ አለ። የግል አብራሪ ፈቃድ ይባላል።

ፈቃዱ ምን ይፈቅዳል?

የፈቃዱን ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ድርጅቱን የመሠረተውን የቺካጎ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1944 ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በመስፈርቱ መሠረት አመልካቹ 17 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 40 ሰዓት የበረረና ከዚህም ውስጥ 10 ሰዓቱን ብቻውን ያበረረ መሆን አለበት። ፈቃዱን ያገኘ ሰው ቤተሰቡንና ወዳጆቹን ይዞ መብረር ይችላል፤ ተከፍሎት ግን ማብረር አይችልም።

በአገራችን የሚሰጠው የበረራ ሥልጠና በአብዛኛው ለሙያ የሚያዘጋጅ ነው። በትርፍ ጊዜ ማብረር በስፋት የተለመደው በአሜሪካ ሲሆን በዚያ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ዕድሉ ቅርብ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች የቀረበው ዝርዝር የአሜሪካን አሠራር የተከተለ ነው፤ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ግን በየትኛውም አገር ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ቀምሶ ማየት

የበረራ ትምህርት ቤቶች ለአዲስ ሰው አጭር የሙከራ በረራ ያዘጋጃሉ። ጀማሪው በአብራሪው ወንበር በግራ በኩል ይቀመጣል፤ አሰልጣኙ በቀኝ ሆኖ በራሱ በኩል ባለው መሪ ይከታተለዋል። አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ ሴስና 172 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከ40 ሺሕ በላይ የተመረተ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ነው። ጫጫታው፣ ጥበቱና መንገጫገጩ ከአየር መንገድ ጉዞ ጋር አይመሳሰልም። ነገሩ እንደማይስማማው የተረዳ ሰው በትንሽ ወጪ ተገላግሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ከገንዘብ በፊት ሐኪም

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱን አጋምሰው፣ ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ በጤና ምክንያት ብቻቸውን መብረር እንደማይፈቀድላቸው ይሰማሉ። ምርመራው የሚደረገው በአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በተመደበ ሐኪም ነው። መነጽር ማድረግ አይከለክልም። የስኳር፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው፣ እንዲሁም መድኃኒት በቋሚነት የሚወስድ ሰው ግን ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይመረጣል። መደበቅ ፈቃድን የሚያሳጣና በሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው የምስክር ወረቀቱ ለ60 ወራት፣ ከዚያ በላይ ላለ ደግሞ ለ24 ወራት ያገለግላል።

የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ የበረራ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማጣሪያ ሊደረግለት ይገባል።

ሦስተኛ፤ አሰልጣኝና ሒሳብ

ትምህርት ቤት ሲመረጥ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። የኪራዩ ዋጋ ነዳጅን ይጨምራል? ስንት አውሮፕላኖች አሉ? አንዱ ለጥገና ሲገባ ተማሪው ምን ያህል ይጠብቃል? አሰልጣኙስ? በርካታ አሰልጣኞች ወደ አየር መንገድ ለመግባት የበረራ ሰዓት የሚያጠራቅሙ ወጣቶች በመሆናቸው ተማሪያቸውን መሀል ላይ ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ «ሙሉውን አሁን ከከፈሉ ቅናሽ አለ» ቢልም ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማስረከብ አይመከርም። ድርጅቱ ቢዘጋ ገንዘቡን ማስመለስ አስቸጋሪ ነውና።

የ40 ሰዓቱ ልክ ዝቅተኛው ነው፤ ብዙዎች 60 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። አጠቃላይ ወጪው ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ እንደሚሆን ማሰብ ይገባል። ትምህርቱን የሚያስጥለው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ሳይሆን መቆራረጡ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚበር ሰው የተማረውን ይዞ ይቀጥላል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚበር ደግሞ ያለፈውን ትምህርት ለመከለስ ይከፍላል። ስለዚህ ገንዘቡን አስቀድሞ አጠራቅሞ ሳይቆራረጡ መማር ከሁሉም ይረክሳል።

አራተኛ፤ መጽሐፉና ብቻ መብረር

አየር ላይ ከሚደረገው ልምምድ ጎን ለጎን የአየር ጠባይ፣ የካርታ ንባብ፣ የአየር ክልል ሕግና የአውሮፕላን አሠራር ይጠናል። የጽሑፍ ፈተናው 60 ጥያቄዎች አሉት፤ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ተማሪው እያንዳንዱን በረራ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። አሰልጣኙ በቂ ሆኖ ሲያገኘው አንድ ቀን ከአውሮፕላኑ ይወርድና «ብቻህን ሂድ» ይለዋል። አንድ ሰው ስለቀነሰ አውሮፕላኑ ከወትሮው ፈጥኖ ይነሳል። በአሜሪካ ተማሪው ሲመለስ የሸሚዙን የጀርባ ጫፍ ቆርጦ ግድግዳ ላይ መስቀል የቆየ ልማድ ነው። በመጨረሻ መርማሪው በቃልና በበረራ ይፈትነዋል።

ያልተነሳ አውሮፕላን

ትልቁ ትምህርት ግን «ዛሬ አልነሳም» ማለትን መልመድ ነው። አየር ሲሳሳና ሲሞቅ ክንፍም ሞተርም ይደክማሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከ10 ሺሕ ጫማ በላይ ካለ ቦታ እንደሚነሳ ያህል ይቸገራል። በባሕር ጠረፍ የተማረ ሰው ይህን ካላሰላ ማኮብኮቢያው ያልቅበታል።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኬኔዲ የግል አብራሪ ፈቃድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 ባለቤቱንና እህቷን ይዞ ጭጋጋማ በሆነ ሌሊት ከባሕር በላይ ሲበር አድማሱ ጠፋበት፤ ሦስቱም ሞቱ። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ አልነበረውም። መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት አብራሪው አቅጣጫው ተምታቶበት አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። ገንዘብም ፍላጎትም አልጎደለውም።

ስለዚህ መጀመር የሚፈልግ ሰው የሙከራ በረራ ይያዝ፤ ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ከዚያ ሒሳቡን ያስላ። አሰልጣኝ ሲመርጥም አንድ ጥያቄ አይርሳ፦ «በአየሩ ጠባይ ምክንያት ለመጨረሻ ጊዜ በረራ የሰረዝከው መቼ ነው?» መልሱን ለማስታወስ የሚቸገር አሰልጣኝ ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል።